ክሩ ይታያል

ጎረቤቴ ቤት ስሄድ መጀመሪያ እጄን እታጠባለሁ፤ ማዕድ ሊቀርብልኝ ግን አይደለም። እንዲያውም ቡና ይዤ ከሄድኩ ስኒዬ ከጠረጴዛው ተባርሮ ደረጃው ሥር እንደ ተቀጣ ልጅ ለብቻው ይቀመጣል። ሰውዬው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እሳቸውም ስማቸውን በአጭሩ ቆርጬ እንድጠራቸው ስንት ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በቁልምጫ ስጠራ አባቴ ከመቃብሩ ቀና ብሎ የሚገላምጠኝ ስለሚመስለኝ፣ አፌ “ዩ” ቢልም ልቤ “እርስዎ” ይላል። እዚህም ጋሼ እያልኩ ነው የማወራላችሁ።

ያቀራረበን በረዶ ነው። አንድ ክረምት የደጃፋቸውን በረዶ ጠረግሁላቸው። ገንዘብ ሊሰጡኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። እኛ ዘንድ እምቢታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መሆኑን ማን ይንገራቸው፤ በመጀመሪያው አምነው ዶላሩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። በምትኩ “ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ” ብለው ቤዝመንት ይዘውኝ ወረዱ።

ያሳዩኝ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ፣ መልኳ የቀዘቀዘ ሻይ የመሰለ ካርድ ነች። ጠንካራ ወረቀት ላይ እውነተኛ ፎቶግራፍ ተለጥፎባታል። ሪዙ እንደ በሬ ቀንድ የተጠማዘዘ ጎረምሳ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ኳስ ሊቀልብ አንጋጧል። ኳሷ አየር ላይ ነች። ከጀርባው ዛፍና ሰማይ ይታያል። ጋሼ ማጉያ መነጽር ሰጡኝና “ምን ታያለህ?” አሉ፤ አስተማሪነታቸው አለቀቃቸውም። አየሁ፣ አየሁና “ክር!” አልኩ።

ኳሷ ከጣሪያው በክር ተንጠልጥላለች።

ጋሼ የወደዱኝ ያን ዕለት ነው። ካርዷ የ1887 ነች (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ዘመን የፎቶ ቤት ካሜራ የሚበር ኳስና የሚሮጥ ሰው አይሆንለትም፤ ጭስ አስመስሎ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ቤዝቦል ተጫዋቹን ከነመለያው ፎቶ ቤት ያስገቡታል። ብሩክሊን ውስጥ ጆሴፍ ሆል የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፤ ስንቱን ሪዛም እየተቀበለ ቀለም የተቀባ ዛፍ ፊት አቁሞታል። አንዱ ዱላውን ሰንዝሮ ዓይኑን የተንጠለጠለችው ኳስ ላይ ይተክላል። ሌላው ተንሸራቶ የደረሰ መስሎ ወለሉ ላይ ይጋደማል፤ ልብሱ ላይ ግን ለመድኃኒት የሚሆን አቧራ የለም። ሁሉም ፊታቸውን ኮስተር አድርገዋል። አገር ምድሩ የሚያየውን ክር እነሱ አላዩትም።

እኔ ይህን ጥበብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያልተነሣለት የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከኋላ ቀለም የተቀባ ፏፏቴ፣ ከጎን የላስቲክ አበባ፣ መሃል ላይ ስልክ። ስልኩ ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ የደወለም የለም። ተነሺዋ ግን ከባሕር ማዶ መልካም ወሬ የሰማች መስላ ፈገግ ብላለች። ለጋሼ ይህን ስተርክላቸው “እናንተ ኳሱን በክር፣ እኛ ስልኩን ያለ ሽቦ” አልኳቸው። ለመሳቅ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከጀመሩ በኋላ ግን ለማቆምም ጊዜ ወሰደባቸው።

ካርዷን ያወጣው የስፖርት ማኅበር ሳይሆን የትምባሆ ነጋዴ ነው። ጉድዊን የሚባል የኒው ዮርክ ኩባንያ “ኦልድ ጃጅ” የተሰኘ ሲጋራ ነበረው። የዚያ ጊዜ ፓኮ ለስላሳ ወረቀት ስለነበረ ሲጋራው ኪስ ውስጥ እንዳይጨፈለቅ ደረቅ ካርቶን ይገባበታል። ካርቶኑ ባዶውን ከሚሆን ለምን ፎቶ አይለጠፍበትም ተባለ። ከ1886 እስከ 1890 ድረስ ከ500 በላይ ተጫዋቾች፣ እያንዳንዱ በተለያየ አቋቋም፣ ተነሥተው ፓኮ ውስጥ ገቡ፤ አቋቋሙ ሁሉ ቢቆጠር ከሁለት ሺህ ያልፋል። የቨርጂኒያው አለን ኤንድ ጊንተር ደግሞ በ1887 ኳስ ተጫዋቹን፣ ቦክሰኛውንና ተኳሿን አኒ ኦክሊን ባንድነት በቀለም አሳትሞ አወጣ። አባት ያጨሳል፣ ልጅ ይሰበስባል። አባት ማጨስ ቢተው የሚያዝነው ልጅ ነው። በ1890 ግን ጄምስ ዱክ የሚባል ሰው ጉድዊንንም አለን ኤንድ ጊንተርንም ሌሎቹንም ጠቅልሎ አንድ ኩባንያ ሲያደርጋቸው ፉክክር ቀረ። ተፎካካሪ የሌለው ነጋዴ ምርቃት አይጨምርም፤ ይህን ለማወቅ ሜርካቶ ግማሽ ቀን መዋል ይበቃል። ካርዱም እየተመናመነ ለዓመታት ጠፋ።

እኛ ሰፈር የነበረው ቆርኪ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ፌስታል ቆርኪ ነበረኝ፤ በቀለም ለይቼ፣ ያልተጣመመውን ከተጣመመው አበላልጬ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ እናቴ ቤት ስታጸዳ ከነፌስታሉ ጣለችው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። የእሳቸውንም የልጅነት ካርድ የጣሉት እናታቸው ናቸው። የአሜሪካ ካርድ ሰብሳቢ ሁሉ አንድ ዓይነት ለቅሶ ነው ያለው፤ “እናቴ ጣለችው” ይልሃል፣ ሰባ ዓመት ሞልቶትም። እኔ ደግሞ ነገሩን ሳሰላስለው እነዚያ እናቶች ሁሉ ባይጥሉ ኖሮ የተረፈው ምን ዋጋ ያወጣ ነበር እላለሁ። ገበያውን ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ኮሚሽን የከፈላቸው ግን የለም።

የዋጋውን ነገር ለባለቤቴ ባልነግራት ይሻለኝ ነበር።

ሜይን በሚባለው ግዛት አንድ ሰው ከያርድ ሴል፣ ማለትም ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥበት፣ የድሮ የኮካ ኮላ ጠርሙስና አሮጌ ወንበር ሲገዛ አንድ የፎቶ አልበም አብሮ ገዛ። አልበሙ ውስጥ የ1865ቱ የብሩክሊን አትላንቲክስ ቡድን ፎቶ ተገኘ። በ2013 ጨረታ ወጥቶ 92,000 ዶላር ተሸጠ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ደግሞ አንዲት አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሴትዮ በ1869 የተነሣ የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ካርድ አግኝተው 10 ዶላር ለጠፉበት። ያ ቡድን ተጫዋቾቹን በግልጽ በደመወዝ ያሠራ የመጀመሪያው ነው። ነገሩን የነቁት ጠያቂ ሲበዛባቸው ነው፤ በ2009 75,000 ዶላር ገደማ አወጣላቸው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሊጡን ትታ መጣች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ በጥሞና አዳምጣኝ አታውቅም። “አሥር ዶላር?” አለች። “አሥር” አልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ያርድ ሴል መዞር ሆነ ሥራችን።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አገኘነው። ቡናማ ፎቶ፣ የእንጨት ፍሬም፣ ዘጠኝ ሪዛሞች፣ እግራቸው ሥር የተጋደሙ ዱላዎች። ሻጩ 60 ዶላር አለ። ባለቤቴ ያቅለሸለሻት መስላ ፊቷን አዞረች፤ የአትክልት ተራ ልምዷ ነው። 40 ላይ ተስማሙ። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። እኔ በሐሳቤ የቤቱን ዕዳ ከፍዬ፣ የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ልኬ፣ ተራርፎ ላሊበላ ደርሼ ስመለስ ባለቤቴ “ለማንም እንዳትናገር” አለችኝ፤ እሷም ለካ መንገድ ላይ ነበረች።

ጋሼ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ማጉያውን አስጠጉ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ውጤት ሊናገር የፈራ ሐኪም ዝምታ ነበር። ኋላ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝና “የዚህን ሰው ጉንጭ እይ” አሉ። አየሁ። የሰውዬው ጉንጭ ነጥብ በነጥብ ነው፤ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚታጠበው የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ነበር። ነጩን ከጨው ጋር መትተው ቀጭን ወረቀት ላይ ያስተኙታል፤ ሲደርቅ የብር ውህድ አጠጥተው ብርሃን እንዲቀበል ያደርጉታል። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ የሚሰበረው እንቁላል በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያለው ፎቶ በማጉያ ሲታይ ጥላው ከብርሃኑ ጋር እንደ ውሃ ይዋሃዳል፤ ነጥብ የለውም። ነጥብ የሚያሳየው በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ነው። በአጭሩ ነጥብ ካለው ማተሚያ ቤት፣ ነጥብ ከሌለው ዶሮ። የኛዎቹ ዘጠኝ ሪዛሞች ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። “ፍሬሙ ግን መልካም ነው” አሉ ጋሼ፤ ደግ ሰው ናቸው። ዛሬ የሠርጋችን ፎቶ ነው ያለበት። ባለቤቴ የነገሩን አካሄድ ሁሉ ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ “አስኳሉን ምን አደረጉት?”

ያርድ ሴሉ ቢቀርም ቤዝመንቱ አልቀረም። እዚያ ያሉትን ሰዎች እየለመድኳቸው መጣሁ። ከሁሉ የምወደው ቻርልስ ራድቦርንን ነው። “ኦልድ ሆስ” ይሉታል፤ አሮጌው ፈረስ እንደ ማለት። በ1884 ኳስ ወርዋሪ ሆኖ በአንድ የጨዋታ ዘመን 59 ጨዋታ አሸነፈ፤ የለም 60 ነው ብለው እስከ ዛሬ የሚጣሉ አሉ። በ1886 የቦስተንና የኒው ዮርክ ቡድኖች አብረው ፎቶ ሲነሡ ሁሉም እንደ ቄስ ተማሪ ቀጥ ብሏል። ራድቦርን ብቻ ከዳር ቆሞ የመሃል ጣቱን ቀስሯል። ይህ ብልግና ፎቶ ላይ ሲታይ የሚታወቀው የመጀመሪያው ነው። ሳይታሰብ የሆነ እንዳይባል ደግሞ በአንዱ የኦልድ ጃጅ ካርዱ ላይም ደግሞታል። እኔ ልጅ ሆኜ ፎቶ ላይ ምላሴን አውጥቼ አክስቴ ታጥቦ ከመጣ በኋላ የመታችኝ አይረሳኝም። ለእሱ ግን ጨዋ ሰዎች ጓንት አጥልቀው፣ ጣቱን በማጉያ እያዩ፣ ገንዘብ ይከፍላሉ።

የፊርማ ነገር ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ጋሼም ፈርተው ነው የሚገቡት። ማይክ ኬሊን ቺካጎ በ1887 ለቦስተን በ10,000 ዶላር ሲሸጠው አገር ጉድ አለ፤ “ንጉሡ” ይሉት ነበር። ሕዝብ መንገድ ላይ እየተከተለ ፊርማ መለመን የጀመረው በእሱ ነው ይባላል። ታዲያ ያን ሁሉ ፈርሞ፣ በ1894 ገና በ36 ዓመቱ ሲሞት የተረፈው ፊርማ ከጥቂት አይዘልም። የሚገኘውም ደብዳቤ ላይ፣ ውል ላይ፣ ቼክ ላይ ነው። አስመሳዩ ደግሞ የአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ቀድዶ፣ ቡናማ ቀለም በጥብጦ ይፈርማል። እውነተኛውም ቢሆን ከየት መጣህ መባል አለበት፤ ከኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዘመኑ ደብዳቤዎችና ፎቶዎች ተሰርቀው ገበያ ላይ ወጥተዋል። አባቴ የዕድር ደረሰኝ ላይ የሚፈርማት ፊርማ ትዝ አለችኝ፤ ዶሮ የጫረው ትመስላለች። ያችን አስመስሎ የሚፈርም ሌባ ቢገኝ እኔ ራሴ እሸልመው ነበር።

የሰብሳቢዎች አባት ጄፈርሰን በርዲክ ነው። ሲራክዩዝ ይኖር የነበረ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር፣ ትዳር ያልያዘ፣ ቁርጥማት ያሰቃየው ሰው ነው። ለአሜሪካ ካርድ ሁሉ መለያ ቁጥር ያወጣለት እሱ ነው፤ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ በሙሉ “ኤን” ይባላል፣ ኦልድ ጃጅ “ኤን 172” ነው፤ ጋሼም እንደ መዝሙር ቁጥር በቃላቸው ይጠሩታል። ከ300,000 በላይ ካርዶችና የወረቀት ቅርሶች ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ሰጥቶም አልሄደም፤ ጣቱ እየተጣመመ፣ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ፣ አልበም ላይ ሲለጥፍ ኖረ። በጥር 1963 ጨረሰ፤ ኮቱን ለብሶ ከእንግዲህ አልመለስም ብሎ ወጣ፤ በሁለት ወሩ ሞተ። የቤዝቦል ሜዳ ገብቶ ጨዋታ አይቶ አያውቅም ይባላል። እኔም አልገባሁም፤ ስለዚህ ጋሼ ቡድናቸው ተሸንፎ ሲያዝኑ በርዲክን ጠቅሼ አመልጣለሁ።

ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ1887 እስከ 1914 የወጡ 2,100 ካርዶች አሉት። ታክሲ በነዳሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ስንት ሰው በሩ ላይ አውርጃለሁ፤ ውስጡ ሪዛሞቹ ተሰልፈው እንደተቀመጡ የነገረኝ የለም።

አንድ ምሽት ጋሼ ስለ አንድ የቡድን ፎቶ አጫወቱኝ። በ1887 የሲራክዩዝ ቡድን ፎቶ ለመነሣት ይጠራል። ከወርዋሪዎቹ አንዱ ሮበርት ሂጊንስ ጥቁር ነው። ዳግ ክሮተርስ የሚባለው ነጭ ወርዋሪ ከእሱ ጋር አልነሣም አለ፤ ከአሠልጣኙ ጋር እስከ መደባደብ ደረሰ፤ ታገደም። ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው በጋ፣ ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች አይፈርም ብሎ ድምፅ ሰጠ። ጋሼ ይህን የነገሩኝ ዓይኔን ሳያዩ ነው። እኔም ስኒዬን ለማምጣት ብዬ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የቡድን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የጎደለውን ሰው ነው።

የቡድን ፎቶ ሌላም ጣጣ አለው፦ ስም። አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ከጀርባው አንድም ቃል አልተጻፈም። ስም ያለው ፎቶና ስም የሌለው ፎቶ በዋጋ እንደ በሬና እንደ ዶሮ ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ታዲያ ጆሮ ያያሉ። ሪዝ ይላጫል፣ ጸጉር ይሸሻል፣ አፍንጫ ኳስ ይመታውና ይጣመማል፣ ጆሮ ግን መልኩን ብዙ አይለውጥም። ጋሼ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው ጆሮ ለጆሮ ሲያመሳክሩ እንደ ዳኛ ነው የሚኮሩት።

ይኼኔ ነው እኔም በድፍረት የራሴን ፎቶ ይዤ የወረድኩት። የእናቴ ነው፤ እሷ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ያወጣሁት። እናቴ የአበሻ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። አጠገቧ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልክ ይዛለች፤ ፊቷ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል። ፏፏቴው አለ፤ የላስቲክ አበባውም አለ። ጋሼ ማጉያቸውን አነሡ፤ ነጥብ የለውም አሉ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ገለበጡት። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው ያለበት። “ይህቺ ማን ናት?” አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አዲስ አበባ ደውዬ አክስቴን ጠየቅሁ፤ አላወቀቻትም። የድሮ ጎረቤት ተጠየቀ፤ አላወቀም። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ፎቶ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

እናቴ ከአክስቶቼ ጋር የተነሣቻቸው ሌሎች ፎቶዎች ነበሩኝ፤ ጋሼ እነሱን አስመጥተው እስቲ ጆሮዋን እናመሳክር አሉ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ኋላ ቀና አሉና ማጉያውን አስቀመጡት። አንዱን ጆሮዋን ነጠላዋ፣ ሌላውን ስልኩ ሸፍኖታል።

እንግዲህ እናትም አባትም በሕይወት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሣጥኑን አስከፍታችሁ አንድ በአንድ ጠይቁና ስሙን ከጀርባው ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፣ ለስለስ አድርጋችሁ። እስክሪብቶ ከጊዜ ብዛት ወደ ፊት ለፊቱ ይዘልቃል ብለዋል ጋሼ።